ዊትስከ አንደኛ ያለችው ጀልባ

ዊትስከ ሆክስትራ ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ይወርዳል። የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። እየጮኸች ከሆነ ገና እየቀለደች ነው። ድምጿ ወርዶ ወርዶ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈለገ እንደሆነ ግን ብልህ ሰው ጠጋ አይልም፤ ኮቱን አንስቶ ይወጣል።

የተወለደችው ሃርሊንገን ወደብ ላይ፣ የጎታች ጀልባ ካፒቴን ልጅ ሆና ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከባሕሩ ግድብ ጀርባ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ በአስታማሚነት ተቀጠረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ በክንዷ ስታነሳ ኖረች። በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ አንድ ጠዋት ወገቧ ቀጭ አለና እንደ ታጠፈች ቀረች። ከስድስት ወር በኋላ ስትመለስ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሰው ማንሳት በቃሽ» ስላላት፣ ሌሎቹ እንዴት እንደሚያነሱ የምታስተምር አሠልጣኝ አደረጓት።

ብሎጉን የጀመረችውም በንዴት ነው። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ግድም መጦሪያው ሠራተኞቹን በኮምፒውተር ለማሠልጠን አንድ ፕሮግራም ገዛ። ፕሮግራሙ ግማሹን ጊዜ አይከፈትም፤ ሲከፈትም የሚያስተምረው ስለ ቢሮ ወንበር አቀማመጥ ነበር። ዊትስከ «ታዲያ የትኛው ይሻላል?» ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት ሻጩ ብቻ ሆነ። ቅቤዬ ሻግቷል የሚል ነጋዴ ደግሞ የለም። እናም ራሷ እየሞከረች መጻፍ ጀመረች፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ በሥራ ቦታ ስለሚሰጥ የኢንተርኔት ትምህርት አንድ ጽሑፍ። ይህ መሣሪያ ይረባል፣ ያኛው አይረባም፣ ይሄኛው ደግሞ ሌላው ቀለም ተቀብቶ የመጣ ነው። መጀመሪያ አራት አንባቢ ነበራት፤ አንዷ ራሷ ነበረች፣ ከሥራ ኮምፒውተሯ ላይ። እያደር ከኔዘርላንድም ከቤልጂየምም አሠልጣኞች መጡና አንባቢዎቿ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ደረሱ።

በእነዚያ ዓመታት ያላየችው ፋሽን የለም። ሠራተኛው በካርቱን ሰው ተመስሎ የሚመላለስበት ዓለም መጣ፤ ሄደ። ነጥብና ዋንጫ የሚሰጥ ጨዋታ መጣ። ትምህርት ሁሉ አምስት ደቂቃ ይሁን፣ በስልክ ይሁን፣ አውቶቡስ ጥበቃ ላይ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ የሚናገር ማሽን መጣ። ሁሉንም ተቀበለች፣ ሁሉንም ሸኘች። አብዛኛውን ጊዜም በቁጣ። አንባቢዎቿ የወደዱላት ቁጣዋን ነበር። ድርጅቶች ኬክ ሲልኩላት ኬኩን ለአረጋውያኑ ታካፍልና ማክሰኞ ዕለት ፕሮግራማቸውን ትበልታለች።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ «የዓመቱ አሥር» የሚል ዝርዝር ታወጣለች። ሰው ከዓመት እስከ ዓመት የሚጠብቀው ይህን ነው። ያለፈው ዓመት አንደኛዋ «ሌርቦት» የሚባል፣ ምልክቱ ሰማያዊ ጀልባ የሆነ አዲስ የኢንተርኔት ማሠልጠኛ ፕላትፎርም ነበር። ኡትሬክት በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ለአርባ ደቂቃ ሲያሳዩት አየችው። ፈጣን ነው፤ አይንተባተብም፤ በስልክም በኮምፒውተርም እኩል ያምራል። ከስብሰባው ስትመለስ ባቡር ውስጥ ሆና ጻፈችው፤ «በመጨረሻ አንድ የሚሠራ ነገር።» በአንደኝነት አስቀመጠችው።

አንድም ኮርሱን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወስዳ አልጨረሰችም ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው ወይ ብትባል፣ አዎ ለማለት አፏን ሞልታ አትናገርም።

የመጦሪያው ዳይሬክተር ማርኒክስ ቬርሃገ ዝርዝሩን አነበበ። ማርኒክስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀጠሮ የሚወድ፣ ወደ ሥራ በብስክሌት የሚመጣ፣ ሰንጠረዥ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። በጥር ወር ሌርቦትን ገዛ። በዚያው ሳምንት ደግሞ በየዓመቱ ለሁለት ቀን የሚሰጠውን የእጅ ልምምድ፣ ማለትም ሠራተኞች የሕሙማን ማንሻውን ይዘው አንዱ ሌላውን እያነሳ የሚማርበትን ሥልጠና፣ ሰረዘው።

ዊትስከ ቢሮው ድረስ ሄዳ ነበር።

«ልምምዱ ይቅር ያልኩ አይመስለኝም።»

«አንደኛ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለና ሳቀ። «ኮርሱ ውስጥ ማንሳትም አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ሰው አልጋ ላይ ተኝቶም መማር ይችላል።»

ያን ጊዜ ብዙ ማለት ትችል ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የምትሠራው፤ የተቀረው ጊዜዋ የብሎጉ ነው። ደግሞም ደስ ብሏት ነበር። ጽሑፏ አንድ ዳይሬክተር ሲያስገዛ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብ ይሞላል። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደተባለው ሆነ። ዝም ብላ ወጣች።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አውክየ ወደቁ።

ወይዘሮ አውክየ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ዕድሜ ልካቸውን የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር ታሻግራቸው የነበረችው ፌና ፖስትማ ነበረች። ፌና አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ገንዘብ መቀበያው በማሽን ሲተካ ወደ መጦሪያው የመጣችው ገና ከስድስት ወር በፊት ነው። አረጋውያኑ ይወዷት ነበር፤ ስታጥባቸው ታዜማለች፣ ያውም ቃና ሳትይዝ።

ማንሻው አዲስ ነበር። ሰው የሚታዘልበት ጨርቅ አራት ማሠሪያ አለው፤ የእግሮቹ ሁለቱ ማሠሪያዎች ከጭን ሥር ተመሳቅለው መያያዝ አለባቸው። ፌና አላመሳቀለቻቸውም። ኮርሱ ውስጥ ያየችው ሥዕል የድሮው ማንሻ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ መመሳቀል የሚባል ነገር የለም። አብራት መሆን የነበረባት ባልደረባ ታማ ቀርታለች፤ ምትክም አልተላከም። ማሽኑ ከፍ ሲል ወይዘሮ አውክየ ከፊት ለፊት ሸርተት ብለው ወለሉ ላይ ወረዱ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

በስድስተኛው ቀን ለፌና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤውን ይዛ ወደ ዊትስከ መጣች፤ አሠልጣኟ እሷ ናትና። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዊትስከ አነበበችው። አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛዋ ስለ ማንሳት የተሰጠውን ሥልጠና መቶ ከመቶ በማምጣት አጠናቃለች። በመሆኑም የተፈጠረው ስህተት የሥልጠና ጉድለት ሳይሆን የግል ቸልተኝነት ነው።»

«መቶ ከመቶ» አለች ፌና። «በሕይወቴ መቶ ከመቶ አግኝቼ አላውቅም ነበር። ለልጆቼ አሳይቻቸዋለሁ። ሰርተፊኬቱን አትመው ፍሪጅ ላይ ለጥፈውልኛል።»

ዊትስከ ደብዳቤውን ይዛ ተነሳች። የማርኒክስን በር ስታንኳኳ ድምጿ ወርዶ ነበር።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«የሰው ኃይል ክፍል ነው የሚጽፈው።»

«ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ። ዊትስከ፣ ተቀመጪ፣ ቡና ልቅዳልሽ።»

«ቡናህን አልፈልግም። ይህች ሴት ማሽኑን ነክታው አታውቅም ነበር። ያስተማራት ስልክ ነው።»

«መቶ ከመቶ አግኝታለች። ሥርዓቱ ውስጥ አለ፤ ቀኑም ሰዓቱም አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልጨምር?»

«ልምምዱን ማን ሰረዘው?»

ማርኒክስ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። ብሎጓ ነበር፤ ታትሞ፣ ከላይ ሰማያዊዋ ጀልባ፣ ከሥሯ «በመጨረሻ አንድ የሚሠራ ነገር» የሚለው የራሷ ዓረፍተ ነገር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበት።

«ለቦርዱ ያሳየሁት ይህን ነው» አለ። «ሌላ ማስረጃ አልጠየቁኝም። ይህች ናት ካለች ይህች ናት፣ አሉ። እኔን ልትወቅሺ መጥተሻል። በጎ። ግን ይህን ማን ጻፈው?»

ዊትስከ አሥራ ስምንት ዓመት በሰው ሁሉ ላይ ስትቆጣ ኖራ፣ አንድ ቀን ቁጣዋ ዞሮ የራሷን ፊት አየ። ደብዳቤውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። በብስክሌት ወደ ቤቷ ስትመለስ የባሕሩ ንፋስ ፊት ለፊት ይገፋት ነበር፤ እሷም እየረገጠች ራሷን ስትሳደብ፣ በመንገዱ ያለፈ አንድ ሰው ስልክ እያወራች መስሎት ነበር።

ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሄተ ሆክስትራ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከወደቡ ፊት ለፊት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት የሚገባና የሚወጣውን ጀልባ ሁሉ በመስኮት እያዩ ካፒቴኖቹን ይሳደባሉ። እንደ ፍሪስላንድ ልጅ ሁሉ አባቷን «ሄይት» ብላ ነው የምትጠራቸው፤ አንተም አትላቸውም። አተር ሾርባ ይዛላቸው ሄዳ ነበር። ከበሉ በኋላ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሌርቦት ማንም ሰው አንድ ኮርስ በነጻ እንዲሞክር ይፈቅዳል። የአባቷን ስም አስገባችና «ሰውን በማሽን ማንሳት» የሚለውን ከፈተችላቸው።

«ሄይት፣ ይህን ይሥሩልኝ።»

«ምንድነው?»

«ፈተና ነው። ያንብቡና ይመልሱ።»

«መነጽሬ ወጥ ቤት ነው።»

«ላምጣልዎት?»

«ተይው፣ ይታየኛል።» ፊታቸውን ወደ ማያው አስጠጉ። «ይህች ጀልባ መሪ የላትም። ማን ነው የሣላት? ይህች ከወደቡ አፍ አትወጣም።»

ቪዲዮ ተከፈተ። ሄተ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ አገኙና ተጫኑት፤ ቪዲዮው አለፈ። ደግመው ተጫኑ። ገጽ በገጽ ላይ እየተገለበጠ አለፈ፤ ማሽኑም «በጣም ጥሩ፣ ሄተ!» እያለ ያወድሳቸዋል። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ዊትስከ አነበበችላቸው፦

«ሰውዬውን ከማንሳትዎ በፊት ምን ያደርጋሉ? ሀ፣ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ። ለ፣ ስልኬን አያለሁ። ሐ፣ ማዘያው በትክክልና በአስተማማኝ ሁኔታ መያያዙን አረጋግጣለሁ።»

«ረጅሙ የትኛው ነው?»

«እንዴት ረጅሙ?»

«ረጅሙ መልስ ነዋ፣ ልጄ። መልሱን የሚያውቀው ሰው ነው ጥያቄውን የሚያወጣው፤ ትክክለኛውን ሲጽፍ ይጠነቀቃል፣ ይረዝምበታል። የተሳሳተውን ማን ይደክምለታል?» ረጅሙን ተጫኑ። አረንጓዴ መብራት በራ።

ስምንቱንም ጥያቄ በረጅሙ መለሱ። ሰባት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ከሰባቱ ሁለቱ የጀልባዋ ነገር የወሰደባቸው ናቸው። ማያው ላይ ርችት ተተኮሰ፤ «መቶ ከመቶ!» አለ። ሰርተፊኬቱ ወጣ፦ «ሄተ ሆክስትራ፣ ሰውን በማሽን የማንሳት ብቃት ያለው።»

ሄተ ረክተው ወደ ኋላ ተደገፉ። «እና አሁን ማንን ነው የማነሳው?»

ዊትስከ አልሳቀችም። «ሄይት፣ ለካፒቴንነት ሲፈተኑ ምን ነበር የጠየቁዎት?»

«መጠየቅ? ምን ይጠይቁኛል! ገመድ ወረወሩልኝ። እሰር አሉኝ። ደግሞ በነፋስ፣ ደግሞ በጨለማ። አንዱ ሲፈታብኝ ያ መርማሪ የተባለ ሰውዬ ቆቤን ባሕር ውስጥ ወረወረው።» ድንገት የልጃቸውን ፊት አዩ። «ምን ሆነሻል?»

ነገረቻቸው፤ የወደቁትን አሮጊት፣ ደብዳቤውን፣ በቢጫ የተሰመረበትን ወረቀት። ሄተ እስከ መጨረሻው ሰሟት። የሚያባብል ነገር አልተናገሩም፤ እንዲያ ያለ ሰው አይደሉም።

«አንቺስ ይህን ሰባት ደቂቃ ሠርተሽው ነበር?» አሉ።

«አልሠራሁትም።»

«እንግዲያው ጻፊው» አሉና ሾርባ ሊደግሙ ተነሱ።

ማክሰኞ ዕለት ጽሑፉ ወጣ። ርዕሱ «የሰማንያ አራት ዓመት አባቴ ሰው የማንሳት ብቃት አላቸው» ይላል፤ ከሥሩ የሄተ ሰርተፊኬት። ዊትስከ በዕድሜዋ እንዲህ አጭር ጽፋ አታውቅም። አባቷ ያለ መነጽር እንዴት እንዳለፉ ጻፈች። የማንንም ስም ሳትጠራ፣ አንዲት ሴት በዚሁ ኮርስ መቶ ከመቶ አግኝታ ሰው እንደወደቀባት፣ ያ መቶም አሁን ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበባት ጻፈች። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ «ይህን ፕላትፎርም አንደኛ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድም ኮርስ ሳልጨርስ። አርባ ደቂቃ ማስታወቂያ አይቼ። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ዓይነት ሰው ላይ ስጮህ ነበር። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» የታኅሣሡን ዝርዝር አልሰረዘችውም፤ ከላዩ ላይ በቀይ «ይህን አትመኑ» ብላ ጻፈችበት።

በሁለት ቀን ውስጥ በዓመት የማይመጣ ያህል አንባቢ መጣ። አስተያየቱ ጎረፈ። ከጌንት አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ «እኔ መሰላል አወጣጥ በስልኬ ነው የተማርኩት» ብሎ ጻፈ። ከሮተርዳም አንዲት ነርስ ድመቷን አስመዝግባ ድመቷ ሰማንያ ስምንት ያገኘችበትን ሰርተፊኬት ለጠፈች። አንዳንዱ ደግሞ «አንቺም ከሻጮቹ አንዷ ነበርሽ ለካ» ብሎ ሰደባት። የሰደቧትን አንድ በአንድ «ልክ ነህ»፣ «ልክ ነሽ» እያለች መለሰችላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት የሌርቦት ሰው ደወለ። ሌናርት እባላለሁ አለ፤ ድምፁ ቅቤ ነው።

«ዊትስከ፣ የዓመታት አድናቂሽ ነኝ እኮ።»

«ስምንቱን ጥያቄ ማን ነው ያወጣው?»

«ይቅርታ?»

«ጥያቄዎቹን። ሰው አንስቶ የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣቸው?»

«እኛ ይዘቱን የምናዘጋጀው በረቀቀ ቴክኖሎጂ...»

«ማሽን ነው ያወጣቸው።»

«በባለሙያ ይታያሉ። እይው፣ ጠላት መሆን የለብንም። ጽሑፉን ለጊዜው አንሺውና አምስተርዳም ጋብዘንሽ፣ አብረን አንድ የተሻለ ኮርስ ብንሠራ? አማካሪ ትሆኛለሽ፤ በክፍያ።»

«ባላነሳውስ?»

ቅቤው ትንሽ ረጋ። «ጠበቆቻችን እያዩት ነው።»

«ይዩት» አለች ዊትስከ፤ ሌናርት ለመስማት ስልኩን ወደ ጆሮው ሳያስጠጋ አልቀረም። «አይተው ሲጨርሱ ሰርተፊኬት ስጧቸው።» ስልኩን ዘጋችው።

ከጠበቆቹም ምንም አልመጣም። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ኮርሱ መጨረሻ ላይ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ይህ ኮርስ የእጅ ልምምድን አይተካም» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። ዊትስከ ከሁሉ በላይ የነደደችው ያንን መስመር ያየች ቀን ነበር። ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሲጠየቁ የሚጽፉትን ሳይጠየቁም ያውቁት ነበር።

በሳምንቱ የፌናን ጉዳይ ለማየት ስብሰባ ተጠራ። ማርኒክስ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ የሠራተኞች ምክር ቤት ተወካዩ፣ ፌናና ዊትስከ። ዊትስከ ዘግይታ ገባች፤ ማንሻውን እየገፋች። የማሽኑ ጎማ በሩ ደፍ ላይ ሲንጓጓ ሁሉም ዞር አለ።

«ይህ ምን ይሠራል እዚህ?» አለ ማርኒክስ።

«ሁላችሁም ሰርተፊኬቱ አላችሁ፤ የመጦሪያው ሰው ሁሉ እንዲወስድ ያዘዝከው አንተ ነህ። አንተ ስንት አገኘህ?»

«ሰማንያ ስምንት።»

«እንግዲያው የሚያስፈራ ነገር የለም። ተቀመጥበት። እነዚህ ሁለቱ ያነሱሃል። እነሱም ብቃት አላቸው።»

«ዊትስከ፣ ይህ ቲያትር ነው።»

«ወይዘሮ አውክየ ዘንድ ቲያትር አልነበረም።» ድምጿ ወርዶ ወለሉ ጋ ደርሷል። «አልቀመጥም ካልክ ለምን እንደማትቀመጥ ተናገርና ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።»

የምክር ቤቱ ተወካይ እስክሪብቶውን አነሳ። ማርኒክስ እስክሪብቶውን አየ፤ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ዊትስከ ከሥሩ ወፍራም ፍራሽ ዘረጋችና እጇን ማዘያው ላይ አድርጋ ቆመች። የሰው ኃይል ኃላፊዋና ተወካዩ ማሠሪያውን ይዘው ተፋጠጡ።

«ይህ ወዴት ነው የሚገባው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሥዕሉ ላይ ሁለት ነበር።»

«የእግሩ ነው የትከሻው?»

እንደ ምንም ብለው አያያዙት፤ ኃላፊዋ ቁልፉን ተጫነች። ማርኒክስ ብድግ አለ። ግራ ጎኑ ወደ ታች፣ ቀኝ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ከፍራሹ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። አንድ ጫማው ወልቆ ወደቀ። ከፊት ለፊት መንሸራተት ሲጀምር ዊትስከ በጨርቁ ያዘችው፤ በዚያ በታመመ ወገቧ።

«አውርዱኝ!»

«ማውረጃው የቱ ነው?» አለች ኃላፊዋ። ሁለቱም ቁልፎቹን ያያሉ፤ አንዱንም ለመንካት ግን አልደፈሩም። ኮርሱ ውስጥ ያለው ሌላ ማሽን ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችው ፌና ተነሳች። መጥታ አንዱን ቁልፍ ተጫነች። ማርኒክስ ቀስ ብሎ ወረደ። ማሠሪያዎቹን ፈታችለት፣ ጫማውን አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

 ማርኒክስ ፊቱ ቀልቶ ጫማውን አጠለቀ። በመጨረሻ «ይህን ያህል... መያዣ እንደሌለው አላወቅሁም ነበር» አለ።

«ወይዘሮ አውክየም አላወቁም ነበር» አለች ዊትስከ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ያኔውኑ ተሻረ። የእጅ ልምምዱ ተመለሰ፤ በዓመት ሁለት ቀን የነበረው ሦስት ሆነ። ወይዘሮ አውክየ ግን ዳግመኛ በእግራቸው መሄድ አልቻሉም፤ አሁንም በተሽከርካሪ ወንበር ናቸው፤ ለሚጠይቃቸውም ሁሉ «የምታዜመዋን ልጅ ምን አደረጋችኋት?» ይላሉ። ዊትስከ ሥራዋን በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች። ማርኒክስ እንድትቆይ ለምኗት ነበር፤ ከልቡም ይመስላል። እሷ ግን ያ በቢጫ የተሰመረበት ወረቀት መሳቢያው ውስጥ እንዳለ እያወቀች ከዚያ ቢሮ ፊት ለፊት መቀመጥ አልቻለችም።

ፌናም መጦሪያው ውስጥ አልቆየችም። ደብዳቤው በተሻረ በሦስተኛው ሳምንት ከወደቡ ዳር አንድ የዓሣ መሸጫ ውስጥ ሥራ ያዘች። ዊትስከ ለሁለት ወር ያህል በዚያ በኩል አላለፈችም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግን ብስክሌቷን አቁማ ተሰለፈች። ተራዋ ደረሰ።

«አንድ የተጠበሰ ዓሣ። ትንሹን።»

ፌና ዓሣውን ዘይት ውስጥ ጨመረች። «መረቅ?»

«የነጭ ሽንኩርቱን። ፌና፣ ልነግርሽ የመጣሁት...»

«ደብዳቤው ሲሻር እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«እሱን አይደለም። ይቅርታ ልልሽ ነው።»

ፌና ወንፊቱን ነቅንቃ ዘይቱን አንጠፈጠፈች። ስትናገር ድምጿ አልወረደም፤ እንዲያውም ከፍ አለ፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙ። «ይቅርታ መጀመሪያ የጠየቅሽው አንባቢዎችሽን ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው። አንብቤዋለሁ። ልጆቼም አንብበዋል። ከታች እስከ ላይ ፈለግሁ፤ እኔን ይቅርታ የሚል ቦታ ጠፋብኝ። ‹አንዲት ሴት› ነኝ። አንዲት ሴት! ሰው ሁሉ ‹ጎበዝ ዊትስከ፣ ደፋር ዊትስከ› ሲልሽ እኔ ሳልተኛ አድር ነበር። የአሮጊቷን አወዳደቅ ነው በጆሮዬ የምሰማው። የኔን ውርደት ለጽሑፍ ተጠቀምሽበት፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ግን ቤቴ መጥተሽ አንኳኩተሻል?»

«አላንኳኳሁም።»

«አላንኳኳሽም።» ዓሣውን በወረቀት ጠቅልላ ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገችው። «ቀጣይ!»

ዊትስከ ዓሣውን ይዛ ከመሸጫው ጎን ቆማ በላች። ንፋሱ ወረቀቱን ይነጥቃታል። መጀመሪያ ተናደደች፤ ለዚህች ሴት ብዬ ሥራዬን ትቼ፣ ድርጅቱን ተጋፍጬ፣ አለች በልቧ። ዓሣው አልቆ ወረቀቱ ብቻ ሲቀር ግን ንዴቷ የሚይዘው ነገር አጣ። ለፌና ብላ አልነበረም ሥራዋን የተወችው። ያንን ራሷም ታውቅ ነበር።

ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ተመልሳ ባንኮኒው ፊት ቆመች።

«ከእንግዲህ ያልጨረስኩትን ኮርስ አልጽፍበትም» አለች። «እኔ ብቻዬን ብጨርሰውም አይበቃም፤ እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ክፍተቱን ሳላየው አልፈዋለሁ። ሥራውን የማያውቅ ግን የማይሞኝ ሰው አብሮኝ እንዲሠራው እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«አይረባም እንዲለኝ።»

ፌና ባንኮኒውን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ቆየች። «በነጻ?»

«በክፍያ። በሰዓት።»

«ስሜን ትጽፊዋለሽ?»

«ከፈለግሽ።»

«እፈልጋለሁ። ሙሉ ስሜን። ፌና ፖስትማ አይረባም አለች፣ ብለሽ።» ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለችው። «ሰኞ ሰኞ ዕረፍት ነኝ። ቤቴ ትመጪያለሽ፤ እኔ አልመጣም። ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አይደለም።»

«አይደለም» አለች ዊትስከ።

«ኬክ አምጪ።»